ዘር፣ አያያዝና አጋጣሚ በፈረስ ግልቢያና በውርርድ



ይህ ዲስኩር የተዘጋጀው የጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ከመድረሱ አስቀድሞ ስለ ፈረስ እሽቅድምድም፣ ስለ ውርርድና ስለ ዘር በእንጅባራ ንግግር እንዲደረግ በቀረበ ግብዣ መነሻነት ሲሆን፣ ግብዣው ሦስት ጥያቄዎችን ያዘለ ነው፤ አሸናፊ ፈረስን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ፣ የአሸናፊ ፈረስ ውላጅ እንደ አባቱ አሸናፊ ይሆናል ወይ፣ ደግሞስ በፈረስ ላይ ገንዘብ አስይዞ መወራረድ በእውቀት የሚገኝ ገቢ ሊሆን ይችላል ወይ የሚሉት ናቸው። ለሦስቱም ጥያቄዎች መልሱ ከአንድ ሐሳብ ይመነጫል፤ ሐሳቡ በመግቢያው ላይ ተነግሮ በየነጥቡ ቢደጋገም ታዳሚውን እንደማያሰለች ተስፋ ይደረጋል። በአንድ ግልቢያ ውጤት ውስጥ ዘር፣ አያያዝና አጋጣሚ ተደባልቀው ይገኛሉ፤ እነዚህን ሦስቱን ለያይቶ የሚያሳየው ለብዙ ዓመት በጽሑፍ የተያዘ መዝገብ ነው፤ አወራራጅ የሚያተርፈው ግን ተወራራጁ ሦስቱን መለየት ሲሳነው ነው።

ነገሩን ከዚሁ ሜዳ መጀመር ተገቢ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም.፣ ማለትም አገሪቱ በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ሥር በነበረችበት ዘመን የተመሠረተ፣ ፈረስና ፈረሰኛ በዓድዋ የዋሉትን ውለታ የሚዘክር፣ በጥር 2017 ዓ.ም. 85ኛ ዓመቱን ያከበረ አንጋፋ ማኅበር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በግላስ ያሸበረቁ ፈረሶች በእንጅባራ ሜዳ ላይ በጉግስና በሽምጥ ግልቢያ ሲታዩ፣ ተመልካቹ የሚመለከተው የአያቶቹን ታሪክና የባለፈረሱን ክብር ነው። ታላላቅ የኢትዮጵያ መሪዎች በፈረሳቸው ስም፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም አባ መላ እየተባሉ መጠራታቸው የሚያሳየው ፈረስ በዚህች አገር ከንብረትነት ያለፈ ቦታ እንደነበረው ነው። በአዲስ አበባም ጃንሜዳ ለብዙ ዘመን የፈረስ እሽቅድምድም ይካሄድበት የነበረ ሜዳ ነው። በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይ፣ በሆንግ ኮንግና በአሜሪካ ግን የፈረስ እሽቅድምድምና ውርርድ ተነጣጥለው አይታዩም፤ በእኛ ከተሞችም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቤቲንግ ቤቶች በመስፋፋታቸው፣ ወጣቱ በውጭ አገር እግር ኳስ ላይ ትኬት መቁረጥን ለምዷል። የእግር ኳሱ ልማድ ነገ ወደ ፈረስ ሜዳው ይምጣ ወይስ አይምጣ የሚለው ጥያቄ ከመነሳቱ በፊት ስሌቱን ማወቅ ይበጃል።

ውርርድ ራሱ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በጥንቱ የሙግት ሥርዓት ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ እያሉ ይወራረዱ፣ የተረታውም የተወራረደውን ይከፍል ነበር። ያ ውርርድ ተሟጋቹ በምስክር አስረዳዋለሁ በሚለው፣ አስቀድሞ በተፈጸመ ነገር ላይ የሚደረግ ስለነበረ፣ የሚያውቅ ሰው የሚደፍርበት የማያውቅ ደግሞ የሚፈራበት ነበር። የዛሬው ውርርድ ገና ባልሆነ ነገር ላይ የሚቆም በመሆኑ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም እኩል ያስደፍራል፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ ስለ አዝማሚያ ነው። አዝማሚያ ማለት አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ከታየ በኋላ የሚወጣ ዝንባሌ ሲሆን፣ ስታቲስቲክስ የሚባለው የእውቀት ዘርፍም ዝንባሌው እውነተኛ ነው ወይስ ለዓይን ብቻ የታየ ነው የሚለውን የሚመረምር ነው። በሜዳው ዳር ብዙ ጊዜ ከሚሰሙት አባባሎች አንዱ የፈረስን መልክ ከፍጥነት ጋር የሚያያይዘው ነው፤ ዳማ ይቀድማል፣ ጉራች ይበረታል፣ አምባላይ ለዓይን እንጂ ለሩጫ አይሆንም የሚል ሰው አይጠፋም። ለምሳሌ ያህል ከ100 ተወዳዳሪ ፈረሶች 60ዎቹ ዳማ ቢሆኑ፣ መልክ ከፍጥነት ጋር አንዳች ግንኙነት ባይኖረውም እንኳ ከ10 አሸናፊዎች 6ቱ ያህል ዳማ ይሆናሉ ማለት ነው፤ ተመልካቹ የአሸናፊዎችን መልክ ቆጥሮ የሁሉንም ተወዳዳሪዎች መልክ ሳይቆጥር ከቀረ፣ የዳማን ብዛት የዳማ ፍጥነት አድርጎ ይወስደዋል። ስለሆነም አሸናፊን ብቻ መቁጠር ምንም አያስተምርም፤ የተሸናፊዎችም ቁጥር አብሮ መጻፍ አለበት።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የቁጥር ማነስ ጉዳይ ነው። አራት ጊዜ ተወዳድሮ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ፈረስና 100 ጊዜ ተወዳድሮ 75 ጊዜ ያሸነፈ ፈረስ በመቶኛ ሲሰሉ እኩል ናቸው፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሦስት ድል የአንድ ጥሩ ወር ዕድል ሊሆን ሲችል፣ የሁለተኛው 75 ድል ግን በአጋጣሚ ሊገኝ የማይችል ማስረጃ ነው። እንዲሁም በሁሉም ነገር እኩል የሆኑ ስምንት ፈረሶች ሁለት ጊዜ ቢወዳደሩ፣ አስቀድሞ በስም የተጠቀሰ አንድ ፈረስ ሁለቱንም የማሸነፍ ዕድሉ ከ64 አንድ ነው፤ ከስምንቱ ማናቸውም ይሁን አንዱ ሁለቱንም የማሸነፍ ዕድል ግን ከስምንት አንድ ነው። ሰዎች ውጤቱ ከታወቀ በኋላ አሸናፊውን እየጠቆሙ ሲደነቁ፣ የሚደነቁት በመጀመሪያው ስሌት ነው፤ የተፈጸመው ግን ሁለተኛው፣ ብዙም የማያስደንቀው ነው።

የሕዝብ ግምት ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። የውርርድ መዝገብ ለረጅም ዘመን በተያዘባቸው አገሮች ብዙ ገንዘብ የተጣለበት ፈረስ ከሦስት ውድድሮች በአንዱ ገደማ ያሸንፋል፤ ይህም የተመልካቹ ዓይን ጥሩ ፈረስን ከመጥፎ እንደሚለይ ያረጋግጣል። ሆኖም ሁሉም ያመነበት ፈረስ ከሦስቱ በሁለቱ ይሸነፋል፤ ያሸነፈም እንደሆነ ያመኑበት ብዙ ስለሆኑ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ክፍያ ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ግጥምጥሞሽ ነው። ግጥምጥሞሽ ማለት አንዱ የሌላው መንስኤ ሳይሆን ሁለት ነገሮች መገናኘታቸው ሲሆን፣ በዚህ አዳራሽ ለሁሉም ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለው፤ እሱም 23 ቁጥር ነው። የፈረሰኞቹ በዓል ጥር 23፣ የዓድዋ ድልም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መዋላቸው መንስኤ ሊፈለግለት የሚገባ ነገር ነው፤ በየወሩ 23ኛው ቀን በፈረስ ላይ ተቀምጦ የሚሣለው የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ በመሆኑ፣ ሁለቱን ዕለታት አንድ የቀን መቁጠሪያና አንድ እምነት ያስተሳስራቸዋል። አሁን ደግሞ ከስሌት ዓለም አንድ ነገር ይታይ። በአንድ ክፍል ውስጥ 23 ሰዎች ቢሰበሰቡ፣ ከእነሱ ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆን ዕድላቸው ከ50 በመቶ ጥቂት ይበልጣል፤ ምክንያቱም ከ23 ሰዎች 253 ጥንዶች ስለሚወጡ፣ የመገጣጠሚያው በር ሰው ከሚያስበው በላይ ሰፊ ነው። እንደገና፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዝ አገር ኤንትሪ ላይ በተካሄደው ታላቁ የመሰናክል ግልቢያ፣ ጋላቢውን የጣለ አንድ ፈረስ በ23ኛው መሰናክል ፊት ለፊት አቋርጦ በመግባቱ ከኋላ የመጡት ፈረሶች ተተራምሰው ሲወድቁና ሲቆሙ፣ ወደ ኋላ ርቆ ቀርቶ የነበረው ፎይናቮን የተባለ ፈረስ ትርምሱን ከሩቅ አይቶ ለመዞር ጊዜ በማግኘቱ ብቻውን ተሻግሮ አሸነፈ፤ የተወራረዱበትም በአንድ መቶ አተረፉ። እነሆ 23 አራት ቦታ ተገኘ። ጥር 23ን ከየካቲት 23 የሚያገናኝ መንስኤ አለ፤ ከልደቱ ስሌትና ከእንግሊዙ መሰናክል ጋር የሚያገናኛቸው ግን ፈልጎ ከማግኘት በስተቀር ምንም የለም። አንድን ቁጥር ለመፈለግ የተነሳ ሰው በየቦታው ያገኘዋል፤ ውርርድ ቤት ውስጥ ዕድለኛ ቁጥር፣ ዕድለኛ ቀን፣ ዕድለኛ ቀለም የሚባለውም ሁሉ በዚሁ መንገድ የተወለደ ነው።

አጋጣሚ በውጤቱ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንዳለው የሚያሳይ ሌላም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የኬንታኪ ደርቢ ውድድር ሪች ስትራይክ የተባለ፣ ቀደም ሲል በ30 ሺህ ዶላር የተገዛ ፈረስ፣ ሌላ ፈረስ ከውድድሩ በመውጣቱ ምክንያት በዋዜማው ቦታ አግኝቶ ገባና በአንድ ሰማንያ ከፋይ ሆኖ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ውድድር አላሸነፈም። ያን ዕለት ያየ ሰው ታላቅ ፈረስ ተወለደ ቢል ሊፈረድበት አይገባም፤ ይሁን እንጂ መዝገቡ የሚለው የአንድ ቀን ድል እንደነበረ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የውርርድ ሒሳብ ነው፤ በዚህ ላይ ስሌቱ ግልጽ ስለሆነ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም፣ መደበቅም አይገባም። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት አሠራር እ.ኤ.አ. በ1867 ዦዜፍ ኦለር በተባለ ሰው በፓሪስ የተጀመረው የጋራ ቋት ነው። አሠራሩም ተወራራጆች ሁሉ ገንዘባቸውን በአንድ ቋት ያገባሉ፣ አወራራጁ ድርሻውን አስቀድሞ ያነሳል፣ የተረፈው ላሸነፉት ይከፋፈላል። 100 ሰዎች መቶ መቶ ብር ቢያገቡ 10,000 ብር ይሆናል፤ አወራራጁ 20 በመቶ ቢያነሳ ለመከፋፈል የሚቀረው 8,000 ብር ነው፤ ይህም ማለት ፈረሶቹ ከመነሳታቸው በፊት፣ ማንም ሳያሸንፍ ማንም ሳይሸነፍ፣ ከአዳራሹ 2,000 ብር ወጥቷል ማለት ነው። በ1,000 ብር የጀመረ ሰው በእጁ ያለውን ሁሉ መልሶ መላልሶ ለአሥር ዙር ቢያስይዝ፣ በአማካይ ስሌት በመጨረሻ የሚተርፈው 107 ብር ብቻ ነው። አወራራጁ ፈረስ ማወቅ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የተወራራጁ ብዛትና ድግግሞሽ ነው።

በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ትኬት የቆረጠ ወጣት ሁሉ የሚያውቀው አንድ አነጋገር አለ፤ «በአንድ ጨዋታ ብቻ አመለጠኝ» የሚለው። ይህ አነጋገር በሒሳብ ሊመረመር ይገባዋል። አንድ ሰው አሥር ውድድሮችን በአንድ ትኬት ላይ ደርድሮ እያንዳንዱን የመገመት ችሎታው 60 በመቶ ቢሆን፣ ይህም ከፍተኛ ችሎታ ነው፣ አሥሩንም የማግኘት ዕድሉ ከ1,000 ትኬት 6 ያህል ብቻ ነው። ዘጠኙን አግኝቶ በአንዱ የመሳት ዕድሉ ግን ከ1,000 ወደ 40 ይደርሳል። ለጥቂት ማምለጥ ከማሸነፍ ሰባት ጊዜ ያህል የበዛ ነው ማለት ነው፤ ያመለጠው ሰው ግን ለድል እንደተቃረበ ቆጥሮ በነጋታው ይመለሳል። የትኬቱ አሠራር ራሱ «ለጥቂት» የሚባለውን ስሜት በብዛት የሚያመርት በመሆኑ፣ ወጣቱን ሰነፍ ወይም ሞኝ ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ያልተነገረው ስሌት ነው የጎዳው።

ሌላው ስሕተት ዕድል ተራ ይጠብቃል ብሎ ማሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በሞንቴ ካርሎ ቁማር ቤት የሚሽከረከረው ኳስ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁሩ ላይ ሲያርፍ፣ ተጫዋቾቹ አሁንስ የቀዩ ተራ ነው እያሉ ገንዘባቸውን በቀዩ ላይ አፍስሰው ከስረዋል። ኳሱ ያለፈውን አያስታውስም። ፈረስስ ያስታውሳል፤ ይደክማል፣ ይለምዳል፣ ያረጃል። ነገር ግን አምስት ጊዜ የተሸነፈ ፈረስ ስድስተኛው ዕዳ ሆኖ አይከፈለውም። በተመሳሳይ መንገድ፣ በትክክል ገመትሁ እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ገማች ሲመጣ የሚጠየቀው ጥያቄ ስንት ገማቾች ነበሩ የሚለው ነው፤ ሁለት ሁለት ፈረስ የሚገናኙባቸውን አሥር ውድድሮች 1,024 ሰዎች ሳንቲም እየወረወሩ ብቻ ቢገምቱ፣ በአማካይ አንዱ አሥሩንም ያገኛል፤ ስሙ የሚወጣውም የእሱ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር በፈረስ ውርርድ ለረጅም ጊዜ ያተረፉ ጥቂት ሰዎች አሉ። አሜሪካዊው ቢል ቤንተር ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ በሆንግ ኮንግ የእያንዳንዱን ፈረስ ያለፈ ውጤት፣ የተሸከመውን ክብደት፣ የጋላቢውን ታሪክና የመሳሰለውን በኮምፒዩተር እያሰላ ከፍተኛ ሀብት አፍርቷል። ይህ ሊሆን የቻለው በዚያች ከተማ የእያንዳንዱ ውድድር ዝርዝር በጥንቃቄ ተጽፎ ስለሚቀመጥ ነው። የቤንተር ምሳሌ ለተወራራጅ የሚሰጠው ተስፋ ጥቂት ነው፤ ስለ መዝገብ ኃይል የሚያስተምረው ግን ብዙ ነው፤ ተመሳሳይ መዝገብ በአርቢ እጅ ቢገባ ከውርርድ የሚበልጥ ጥቅም አለውና።

አራተኛውና ሰፊው ነጥብ ዘር ነው። ቶሮብሬድ የሚባለው የእሽቅድምድም ፈረስ ዘር በእንግሊዝ አገር የተፈጠረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ18ኛው መጀመሪያ ላይ ከምሥራቅ የመጡ ሦስት ድንጉላዎች፣ ማለትም ባየርሊ ተርክ፣ ዳርሊ አረቢያንና ጎዶልፊን አረቢያን የተባሉት፣ ከአገሩ ባዝራዎች ጋር ተዳቅለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1791 ደግሞ የዘር መዝገብ ታተመ፤ ከዚያ ወዲህ አባትና እናቱ በመዝገቡ ያልተጻፉ ፈረስ የዘሩ አባል ሆኖ አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. በ1764 የተወለደውና 18 ጊዜ ተወዳድሮ አንድም ጊዜ ያልተሸነፈው ኤክሊፕስ ከዳርሊ አረቢያን የወንድ ሐረግ የመጣ ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም ካሉ ቶሮብሬዶች 95 በመቶ ያህሉ በአባት በኩል ወደዚሁ ሐረግ ይቆጠራሉ። ኤክሊፕስ ስሙን ያገኘው በተወለደበት ዕለት ከታየው የፀሐይ ግርዶሽ ነው፤ ግርዶሹ አፈጠነው የሚል ሰው ቢኖር በዚያው ቀን ተወልደው ስማቸው ያልተሰማ ውርንጭላዎች ሁሉ ምስክር ይሆኑበታል። ይህ ሁሉ ሊታወቅ የቻለው ግርዶሹ ስላስደነቀ ሳይሆን እናትና አባት በጽሑፍ ስለተያዙ ነው።

ይሁንና ዘር የሚሰጠው ምን ያህል ነው? ለዚህ የሳይንስ ሰዎች በዘር የመተላለፍ መጠን የሚሉት መለኪያ አላቸው፤ በፈረሶች መካከል ከሚታየው የችሎታ ልዩነት ምን ያህሉ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ እንደሆነ የሚገልጽ ነው። በእሽቅድምድም ውጤት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ መለኪያው ዓይነት ይለያያሉ፤ በጥቅሉ ግን ከግማሽ በታች፣ ብዙውን ጊዜም ከሲሶ አካባቢ የማይበልጥ ሆኖ ይገኛል። የተረፈው አመጋገብ፣ ልምምድ፣ ጋላቢ፣ ጤንነት፣ የመሬቱ ሁኔታና አጋጣሚ ነው። ስሌቱን በዚሁ በአዊ ሜዳ ላይ አምጥቶ ለማየት፣ አንድ ድንጉላ ከአማካዩ ፈረስ በ6 ሰከንድ፣ አንዲት ባዝራ ደግሞ በ2 ሰከንድ ትፈጥናለች ይባል፤ የወላጆቹ አማካይ ብልጫ 4 ሰከንድ ነው፤ የመተላለፉ መጠን 30 በመቶ ከሆነ ከውርንጭላው የሚጠበቀው ብልጫ 1.2 ሰከንድ ብቻ ይሆናል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 በሰዎች ቁመት ላይ ያሳየው ወደ አማካይ የመመለስ ሕግ ይህ ነው። የጎበዝ ፈረስ ልጅ ከአባቱ አንሶ ቢገኝ ዘሩ ተበላሸ፣ ቡዳ በላው፣ ዓይን ወጋው ሊባል አይገባም፤ የአባቱ ድል ከፊሉ የአያያዝና የአጋጣሚ ስለነበረ ያ ክፍል በዘር አይወርድም። ይህን ያልተረዱ ሀብታሞች ብዙ ገንዘብ ከስረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ዘ ግሪን መንኪ የተባለ፣ የትውልድ ሐረጉ የተመሰገነ ወጣት ፈረስ በ16 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ፣ ሦስት ጊዜ ተወዳድሮ አንድም ሳያሸንፍ ከሜዳ ወጥቷል።

1.2 ሰከንድ ግን መናቅ የለበትም። ይህች ትንሽ ብልጫ በየትውልዱ ብትጠራቀም በአንድ አርቢ ዕድሜ ውስጥ የሚታይ ለውጥ ታመጣለች፤ የምትጠራቀመውም የሚመረጡት ወላጆች በእርግጥ የተሻሉ መሆናቸው በተደጋጋሚ ልኬት ሲረጋገጥ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ባዝራ መናገር ግድ ይላል። በሜዳው ላይ የሚወደሰውም የሚሸለመውም አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ፈረስ ነው፤ ሲወለድም የማን ልጅ ነው ተብሎ የሚጠየቀው አባቱ ነው። ውርንጭላው ግን ከዘሩ ግማሹን ከእናቱ ይወስዳል፤ በማኅፀኗ ያድጋል፣ ወተቷን ይጠባል፣ ከጎኗ ሆኖም መረማመድን ይማራል። እ.ኤ.አ. በ1938 ዋልተንና ሐመንድ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ግዙፉን የሻየር ፈረስና ትንሹን የሼትላንድ ፈረስ በሁለቱም አቅጣጫ አዳቅለው ነበር፤ አንዴ ግዙፏን ባዝራ በትንሹ ድንጉላ፣ አንዴ ትንሿን ባዝራ በግዙፉ ድንጉላ። የሁለቱም ውላጆች የዘር ድርሻ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ ከግዙፏ ባዝራ የተወለዱት ሲወለዱ ከሌሎቹ በሦስት እጥፍ ገደማ ይከብዱ ነበር። እናት ከዘር በላይ የምትሰጠው ነገር እንዳለ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ስለሆነም በበጋው መኖ ሲያጥር መጀመሪያ የምትረሳው፣ ጭነት የሚበዛባት፣ ነፍሰ ጡር ሆናም የምትሠራው ባዝራ፣ የነገው የጥር 23 አሸናፊ በሆዷ እንዳለ ታስባ መያዝ ይኖርባታል። ወንዱም ቢሆን ለግልቢያ ጸባዩ እንዲገራ ተብሎ ውላጅ ሳይሰጥ ከተኮላሸ፣ ምንም ያህል ቢፈጥን ዘሩ በእሱ ያበቃል።

አንድ ወጥ የፍጥነት ዘር አለ ብሎ ማሰብም ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአየርላንድ የተደረገ ምርምር የጡንቻን እድገት የሚቆጣጠር ማዮስታቲን የተባለ የዘር ቅንጣት በቶሮብሬድ ፈረሶች ላይ በሁለት መልክ እንደሚገኝና፣ አንዱን መልክ ከሁለቱም ወላጆች የወሰደ ፈረስ ለአጭር ርቀት፣ ሌላውን ከሁለቱም የወሰደ ለረጅም ርቀት፣ አንድ አንድ የወሰደ ደግሞ ለመካከለኛ ርቀት የሚያዘነብል መሆኑን አሳይቷል። በአጭሩ ሜዳ ጋላቢውን ይዞ የሚወረወር ፈረስና ከዳንግላ ተነስቶ ቀኑን ሙሉ ሳይደክም የሚጓዝ ፈረስ ሁለት ዓይነት ጎበዞች ናቸው። በዳንግላ ጎዳና ጋሪ የሚጎትት፣ ትከሻው በቀንበር የተላጠ ፈረስም ምናልባት ከሜዳው አሸናፊ የተሻለ ዘር ይዞ አያያዙ ደብቆት ይሆናል። ባሕር ወለል ላይ ካሉ አገሮች የተገኘ ውጤትም ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለምትገኘው እንጅባራ እንዳለ አይገለበጥም፤ ከጃዊ ቆላ የመጣ ፈረስ በዚህ ቀጭን አየር ቢሸነፍ ዘሩ ሳይሆን መተንፈሻው ያልለመደው አየር ሊሆን ይችላል።

ኢትዮጵያ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ ፈረሶች ያሏት፣ በፈረስ ብዛት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም አገር ናት። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት የአገሪቱን ፈረሶች በአካል መጠንና ቅርጽ ለይተው ስምንት ዓይነት አድርገው የመደቧቸው ሲሆን፣ ከእነሱ መካከል የባሌ፣ የሆሮ፣ የከፋ፣ የሰላሌና የኩንዱዶ ፈረሶች ይገኛሉ። ከ80 ዓመት በላይ የፈረሰኞች ማኅበር ያለው የአዊ ፈረስ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ በስሙ ተለይቶ አልተቀመጠም። ይህ ሊያስቆጭ ይገባል። ይህን ያህል ፈረስና ይህን ያህል ፈረሰኛ ባለበት አገር ያልተጻፈው ነገር ብዙ ነው፤ አዛውንቶች የባዝራዎቻቸውን ትውልድ ከአያት እስከ ልጅ በቃል ይዘውት ሲያልፉ መዝገቡ አብሯቸው ይቀበራል።

ስለዚህ ለግብዣው ሦስት ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ወደ አንድ ጥሪ ያመራል። ጥሪው ለፈረሰኞች ማኅበር፣ ለየወረዳው የእንስሳት ባለሙያዎች፣ ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች እንዲሁም በዚህ አዳራሽ ላለ ለእያንዳንዱ አርቢ ነው። በሚመጣው ጥር 23 የግልቢያው ርቀት በሜትር ይለካ፤ የመጀመሪያው ብቻ ሳይሆን የመጨረሻውም ፈረስ ሰዓት ይያዝ። ፈረሱ መስመሩን አልፎ፣ ልጓሙ አረፋ እንደያዘ፣ ኮርቻው ሥር ላቡ ሳይደርቅ፣ አንድ ተማሪ ደብተር ይዞ ይጠጋና ባለቤቱን ይጠይቅ፤ አባቱ ማን ነው፣ እናቱ ማን ናት፣ የየት ቀበሌ ናት፣ ከእሷ ሌላ ምን ተወለደ። ጥርሱ ታይቶ ዕድሜው፣ በሜትር ተለክቶ ቁመቱ፣ የጋላቢውም ክብደት ይጻፍ። የተሸነፈው ፈረስ ባለቤት አፍሮ እንዳይሄድ በአክብሮት ይጠየቅ፤ የእሱ ቁጥር ከአሸናፊው ቁጥር እኩል ያስፈልጋል። ይህ በየዓመቱ ሳይቋረጥ ለአሥር ዓመት ቢደረግ አዊ የራሱ የፈረስ ዘር መዝገብ ይኖረዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሜትር፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ሰዓትና አንድ ደብተር ነው፤ ሥራውም ከዚህ ዓመት በዓል ሊጀመር ይችላል።